«መለወጫ»፣ «ጥራት» እና «መሬት»፦ በአንድ የድምፅ መሣሪያ መመሪያ አማርኛ ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላት ጉዳይ ሲነሣ ብዙ ጊዜ በዐይነ ኅሊናችን የሚመጣው ቤተ ሙከራ፣ ፋብሪካ ወይም የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ነው። ይሁን እንጂ ቃላቱ በብዛት የሚፈተኑት በመኖሪያ ቤት ውስጥ፣ አንድ ሰው አዲስ ዕቃ ገዝቶ፣ ካርቶኑን ከፍቶ፣ የአጠቃቀም መመሪያውን ለማንበብ በሚቀመጥበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት በአጠገቡ አስተማሪም ሆነ ባለሙያ የለም። ያለው ቃሉ ብቻ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ወዳጃችን ያመጡልን መመሪያ ነው። እኒህ ወዳጃችን ለብዙ ዘመን ያጠራቀሟቸውን የሸክላና የካሴት ዘፈኖች ልጃቸው ወደ ኮምፒዩተር ገልብጦላቸዋል። ዘፈኖቹን በነባሩ የቤት ስቴሪዮአቸው አሳምረው ለመስማት ሲሉም ከጡረታ አበላቸው ቈጥበው በከፍተኛ ዋጋ የሚሸጥ ከዲጂታል ወደ አናሎግ መለወጫ ገዙ። ሻጩ ከዕቃው ጋር አሥራ ሁለት ገጽ የሆነ የአማርኛ መመሪያ ጨምሮ ሰጣቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ እኛ ሲመጡ ታዲያ በእጃቸው የያዙት መሣሪያውን ሳይሆን መመሪያውን ነበር። «ዕቃው ደኅና ሳይሆን አይቀርም፤ የታመመው ይህ ወረቀት ነው፤ እስቲ እዩልኝ» አሉን።

አየንላቸው። ያገኘነውንም ለአንባቢያን ማቅረቡ የተገባ መስሎ ታየን። ዓላማችን ሻጩን ወይም ተርጓሚውን ለመውቀስ አይደለም። በአማርኛ መመሪያ ማዘጋጀቱ ራሱ የሚያስመሰግን ነው፤ ብዙዎቹ ይህን እንኳ አያደርጉም። ተርጓሚው የተሰናከለባቸው ቃላት ሁላችንም ሳናስተካክል የተውናቸው ስለሆኑ ሂሱ በከፊል የሚመለከተው እኛኑ ነው።

1. መሣሪያው የሚሠራው ሥራ

ስያሜን ከመመርመር አስቀድሞ የሚሰየመውን ነገር ማወቅ ይገባል። ድምፅ በአየር ውስጥ የሚተላለፍ የግፊት ሞገድ ነው። ማይክሮፎን ይህን ግፊት እየተከተለ ከፍ ዝቅ የሚል ቮልቴጅ ያደርገዋል። ቮልቴጁ ከግፊቱ ጋር እየተመጣጠነ ሳይቋረጥ ስለሚሄድ «አናሎግ» ይባላል፤ ይህም ከግሪክኛ የመጣና ምጥጥንን የሚያመለክት ቃል ነው። በዲጂታል አቀራረጽ ግን ቮልቴጁ በየቅጽበቱ ይለካና ልኩ በቁጥር ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1982 በጃፓን ለገበያ የቀረበው ኮምፓክት ዲስክ፣ ሶኒና ፊሊፕስ በተስማሙበት ደንብ መሠረት፣ በአንድ ሰከንድ 44,100 ልኮች ይይዛል። እያንዳንዱ ልክ በ16 ቢት ስለሚጻፍ 65,536 ደረጃዎች ይኖሩታል። ለግራና ለቀኝ በአንድነት ሲሰላ በሰከንድ 1,411,200 ቢት ይሆናል ማለት ነው።

ጆሮ ግን ቁጥር አይሰማም። ስለሆነም እነዚህ ቁጥሮች ተመልሰው ቮልቴጅ መሆን አለባቸው፤ መለወጫው የሚሠራው ይህን ነው። ቁጥሮቹን በየተራቸው ተቀብሎ ለእያንዳንዳቸው ተመጣጣኙን ቮልቴጅ ያወጣል፤ ከዚያም ማጣሪያ ቮልቴጁን አለስልሶ ወደ ማጉያው ያሳልፈዋል።

እዚህ ላይ መመሪያው የዘለለው አንድ ቁም ነገር አለ። መለወጫ የሌለው የዲጂታል ድምፅ ማጫወቻ የለም። በኮምፒዩተሩ፣ በቴሌቪዥኑ፣ በተንቀሳቃሽ ስልኩ ውስጥ ሁሉ አለ። ስለዚህ ለብቻው የሚሸጥ መለወጫ የሚገዛ ሰው የሚያገኘው አዲስ ሥራ የሚሠራ ዕቃ ሳይሆን፣ ቀድሞውንም በቤቱ የነበረውን ሥራ በተሻለ ሁኔታ ይሠራል ተብሎ የታሰበ ሌላ ዕቃ ነው። መመሪያው «ይህ መሣሪያ ከሌለ ሙዚቃዎ ቁጥር ሆኖ ይቀራል» ሲል ወዳጃችንን ያሳሰባቸው በከንቱ ነበር።

2. ስለ ስያሜው

መመሪያው መሣሪያውን በአንዱ ገጽ «መለወጫ»፣ በሌላው ገጽ «መለዋወጫ» ይለዋል። ተርጓሚው ሁለቱን እንደ አንድ ሳይቈጥራቸው አልቀረም። ነገር ግን «መለዋወጫ» በዛሬው አማርኛ የተበላሸው የመኪና ወይም የመሣሪያ ክፍል ሲወጣ በምትኩ የሚገባው ዕቃ ነው። ወዳጃችንም «መለዋወጫውን ከስቴሪዮው ጋር ያገናኙ» የሚለውን ሲያነቡ ከካርቶኑ ውስጥ የጐደለ ትንሽ ዕቃ ያለ መስሏቸው ሻጩ ዘንድ ተመልሰው ሄደው ነበር። የአንዲት ፊደል መደገም ሰውን ከቤቱ አስወጥታ ከተማ ታዞራለች።

ከዚህ ይልቅ የሚያከራክረው «ዲጂታል» እና «አናሎግ» የሚሉት ቃላት ትርጉም ነው። መመሪያው የመጀመሪያውን «አኃዛዊ»፣ ሁለተኛውን «ተመጣጣኝ» ብሎታል። «አኃዛዊ» በመሠረቱ መልካም ቃል ነው። ዲጂታል የሚለው ቃል ጣት የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል የወጣ ሲሆን፣ «አኃዝ»ም በግዕዝ «አኀዘ»፣ ማለትም ያዘ፣ ጨበጠ፣ ከሚለው ግስ ጋር ሥር ይጋራል። ሁለቱም ከእጅ አይርቁም። «ተመጣጣኝ»ም የግሪክኛውን ትርጉም በትክክል ይዟል። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ ቃሉ በገበያ ውስጥ ሌላ ቤት ሠርቶ መኖሩ ነው። «ወደ ተመጣጣኝ መለወጫ» የሚለውን ሐረግ ከካርቶኑ ላይ ያነበበ ሰው የሚያስበው ስለ ቮልቴጅ ምጥጥን ሳይሆን ስለ ተመጣጣኝ ዋጋ ነው። ወዳጃችን «ተመጣጣኝ ቢሆንማ ኖሮ መቼ ይቈጨኝ ነበር!» ሲሉ ያሳቁን በዚህ ምክንያት ነው።

አንዳንድ ሰዎች ለአናሎግ «አምሳያ» ወይም «ተመሳሳይ» የሚሉትን ቃላት ሲያቀርቡ ሰምተናል። እነዚህም ቢሆኑ አይረዱም፤ «ተመሳሳይ ድምፅ» ቢባል «ከምኑ ጋር?» የሚል ጥያቄ ይከተላልና። «ያልተቋረጠ» የሚለው ደግሞ ከሐሳቡ ቢቀርብም እንደ ስም ለመርባት አይመችም። በእኛ አስተያየት ዲጂታልና አናሎግ ጥንድ ቃላት ናቸው፤ አንዱን ተርጉሞ ሌላውን በውሰት መተው ጥንዱን ያፈርሰዋል። ለአናሎግ የሚሆን ያልተነካ ቃል እስኪገኝ ድረስ ሁለቱም በውሰትነታቸው ቢቈዩ ይሻላል። ቃሉ በራዲዮ፣ በሰዓትና በቴሌቪዥን ስም ሕዝቡ ዘንድ ደርሷል። «አኃዛዊ» በበኩሉ ቁጥርን ለሚመለከት ሌላ አገባብ ቢጠበቅ አይጠፋም።

ይህን ስንል መፍጠርን እየተቃወምን አይደለም። የሙዚቃውን ሰሌዳ «ሸክላ» ብሎ የሰየመ ሕዝብ ቃል መፍጠር አያስተምሩትም። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም የዜማውን ምልክቶች ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት ብለው ሲሰይሙ የተጠቀሙት ከዕለት ንግግር ሩቅ ያልሆኑ ቃላትን ነው። ዜማን በምልክት ጽፎ ከምልክቱ መልሶ ድምፅ ማድረግ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ መሪጌታው ዜማውን አስቀድሞ በቃሉ የሚያውቅ መሆኑ ነው፤ ምልክቱ ያስታውሰዋል እንጂ ሁሉን አይነግረውም። መለወጫው ግን ከቁጥሩ ውጭ የሚያውቀው የለም። ይህ ልዩነት ቀጥለን ለምናነሣው ነጥብ ይጠቅመናል።

3. «ይገምታል»

መመሪያው በአራተኛው ገጽ «ተራ መሣሪያ በልኮቹ መካከል የጠፋውን ድምፅ ይገምታል፤ የእኛ መሣሪያ ግን ያውቃል» ይላል። ይህ የቃል ብቻ ሳይሆን የዕውቀትም ስሕተት ነው። ሃሪ ናይክዊስት እ.ኤ.አ. በ1928፣ ክሎድ ሻነን ደግሞ በ1949 ባወጧቸው ሥራዎች እንደተብራራው፣ ከልኬቱ ድግግሞሽ እኩሌታ በታች የሆነ ሞገድ ሁሉ ከልኮቹ ተመልሶ ሙሉ በሙሉ ሊገኝ ይችላል። የ44,100 እኩሌታ 22,050 ነው። የጤናማ ወጣት ጆሮ የሚደርስበት ወሰን ወደ 20,000 ኸርዝ ገደማ ሲሆን ዕድሜ በገፋ ቍጥር እየወረደ ይሄዳል። ስለዚህ በልኮቹ መካከል «የጠፋ» ድምፅ የለም፤ መሣሪያውም አይገምትም፣ ያሰላል እንጂ። መገመት የጐደለን ነገር ካለማወቅ የሚደረግ ነው፤ ማስላት ግን ከተሰጠው ተነሥቶ የግድ ወደሚሆነው መድረስ ነው። ተርጓሚው ከሁለቱ ግሶች አንዱን ሲመርጥ ሳያስበው ለአንባቢው የተሳሳተ ትምህርት ሰጥቶታል።

4. «ድምፅ ማጉያ»

ቀጥሎ ያለው ችግር የተርጓሚው ሳይሆን የቋንቋችን ነው። መመሪያው «መለወጫውን ከድምፅ ማጉያው ጋር ያያይዙ» ይላል። በአማርኛ «ድምፅ ማጉያ» የሚባሉት ግን ሦስት ዕቃዎች ናቸው። በስብሰባ ላይ ተናጋሪው በአፉ ፊት የሚይዘው አንዱ ነው። ኃይሉን የሚያጐለብተው መካከለኛ መሣሪያ ሁለተኛው ነው። በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ድምፁን ወደ አየር የሚለቀው ሦስተኛው ነው። ወዳጃችን ሦስተኛውን መርጠው የመለወጫውን ገመድ ከሣጥኑ ጀርባ ካሉት ማያያዣዎች ጋር አገናኙ፤ ምንም አልተሰማም። ሊሰማም አይችልም። ከመለወጫ የሚወጣው ቮልቴጅ ብዙውን ጊዜ ወደ 2 ቮልት ገደማ ቢሆንም፣ ያን ከባድ ሣጥን ለማንቀሳቀስ የሚበቃ ኃይል የለውም። ከዚያም ጐረቤት መክሯቸው ወደ ማጉያው ሲያዞሩት ለሸክላ ማጫወቻ በተዘጋጀው መግቢያ ሰኩት። ይህ መግቢያ የሸክላ መርፌን እጅግ ደካማ ቮልቴጅ ለማጉላትና የሸክላን የተለየ አቀራረጽ ለማረም የተሠራ ስለሆነ፣ ድምፁ የተሰነጠቀና የታፈነ ሆነ።

ስለዚህ በጽሑፍ ደረጃ ሦስቱ መለየት አለባቸው። የመጀመሪያው «ማይክሮፎን»፣ ሦስተኛው «እስፒከር» ቢባሉ ሁለቱም የታወቁ ውሰቶች ናቸው። «ማጉያ» የሚለው ቃል በእውነት ለሚያጐላው ለሁለተኛው ብቻ ይተውለት። ከእስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ ጐልቶ መምጣቱ ሌላ፣ እስፒከሩ ራሱ የሚያጐላ መሆኑ ሌላ ነው።

5. «ጥራት»

በአሥራ ሁለቱ ገጾች ውስጥ «ጥራት» የሚለው ቃል ሠላሳ አንድ ጊዜ ተጽፏል። አንድ በአንድ ስንመረምረው ቢያንስ አራት ጽንሰ ሐሳቦችን ተሸክሞ አገኘነው፦ የዕቃውን አሠራር መልካምነት፣ የልኬቱን የደረጃ ብዛት፣ የድምፁን ከጫጫታ መንጻት፣ እና ድምፁ ለመጀመሪያው ቅጂ ያለውን ታማኝነት። አራቱ በአንድ ስም ሲጠሩ አንባቢው አንዱ ከፍ ካለ ሌሎቹም አብረው ከፍ የሚሉ ይመስለዋል። ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ መመሪያው «የ24 ቢት ጥራት ከ16 ቢት ጥራት በ256 እጥፍ ይበልጣል» ይላል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ 16,777,216 ደረጃዎች ለ65,536 ሲካፈሉ 256 ይሆናሉ። ነገር ግን የበለጠው የደረጃው ብዛት እንጂ ጥራቱ አይደለም። 16 ቢት በጸጥታና በከፍተኛው ድምፅ መካከል የ96 ዴሲቤል ያህል ልዩነት ይሰጣል። የ24 ቢት ልዩነት በወረቀት ላይ 144 ዴሲቤል ቢደርስም፣ በኤሌክትሪክ ዑደቶች ውስጥ የማይቀር ጫጫታ ስላለ ማንም መለወጫ በተግባር አይደርስበትም። በቤት ውስጥም ከመንገድ፣ ከማቀዝቀዣና ከጐረቤት የሚመጣው ድምፅ የ96ቱን ታችኛ ክፍል ገና ሳይሰማ ይሸፍነዋል።

ጆሮስ ምን ይላል? ብራድ ሜየርና ዴቪድ ሞራን እ.ኤ.አ. በ2007 በኦዲዮ ምሕንድስና ማኅበር መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ከፍ ባለ ልኬት የተቀረጹ ሙዚቃዎችን አንድ ጊዜ እንዳሉ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በኮምፓክት ዲስክ ልክ አሳልፈው ለአድማጮች አሰምተው ነበር። ከ554 ሙከራዎች በትክክል የተለዩት 276 ናቸው፤ ይህም ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት የተለየ ውጤት አይደለም። በሌላ በኩል ጆሹዋ ራይስ በ2016 በዚያው መጽሔት ብዙ ጥናቶችን አጣምሮ ሲመረምር፣ ጥቂት ቢሆንም በስታቲስቲክስ የሚታይ የመለየት ችሎታ እንዳለ፣ ሥልጠና የወሰዱ አድማጮችም የተሻለ እንደሚለዩ አሳይቷል። ሁለቱን አቻችለን ብንመለከታቸው ልዩነቱ ቢኖር እንኳ እጅግ ጥቂት ነው። «256 እጥፍ ጥራት» ከሚለው ተስፋ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም።

«ጠራ» የሚለው ግስ በአማርኛ ምን እንደሚሠራ ማስተዋል ይበቃል። ሰማይ ጠራ ስንል ደመናው ተገፈፈ፣ ውሃው ጠራ ስንል ድፍርሱ ዘቀጠ ማለታችን ነው። ጥራት በመሠረቱ የመንጻት ቃል ነው። እንግዲያው በድምፅ ሙያ ውስጥ ከጫጫታና ከመዛባት መንጻትን ብቻ ቢያመለክት ከባሕርዩ ጋር ይስማማል። የደረጃን ብዛት በሚመለከት «ልየታ» የሚለውን እናቀርባለን፤ ሁለት ቅርብ ደረጃዎችን ለይቶ የመያዝ ችሎታ ነውና። ለመጀመሪያው ቅጂ ተገዥ መሆንን «ታማኝነት» ብንለው ሕዝቡ የሚያውቀው ቃል ነው። «ታማኝነት» በተለይ ለወዳጃችን አንድ እውነት በነገራቸው ነበር፦ ታማኝ መሣሪያ የካሴቱን ሹክሹክታ፣ የሸክላውን ጭረትና የቀረጻውን ጉድለት ሁሉ በታማኝነት ያሰማል። ከካሴቱ ላይ ጠፍቶ ያለቀውን የላይኛውን ድምፅ ምንም ዓይነት መለወጫ አያስመልሰውም። ጥራት የሚለው ቃል ግን ያጠራል የሚል ተስፋ ሰጥቷቸው ነበር።

6. «መሬት» እና «መንቀጥቀጥ»

እስካሁን ያነሣናቸው ስሕተቶች ገንዘብንና ጊዜን የሚጐዱ ናቸው። የሚቀጥለው ግን ሕይወትን ይነካል። መመሪያው «ጉምጉምታ እንዳይሰማ ሁለቱም መሣሪያዎች መሬት ላይ ይሁኑ» ይላል። ወዳጃችን መለወጫውንም ማጉያውንም ከመደርደሪያ አውርደው ወለል ላይ አኖሩ። ጉምጉምታው አልቀረም። ዐረፍተ ነገሩ ሊል የፈለገው የሁለቱም መሣሪያዎች የኤሌክትሪክ የመሬት መስመር፣ ባለሙያዎች በተለምዶ «ኧርዝ» የሚሉት፣ በአንድ ቦታ ይገናኝ ነው። ሁለት መሣሪያዎች በተለያዩ ሶኬቶች ወደ መሬት ሲገናኙና በድምፅ ገመድም እርስ በርስ ሲያያዙ መስመሮቹ ቀለበት ይሠራሉ፤ በቀለበቱ ውስጥ የሚዞረው ደካማ ጅረት በ50 ኸርዝና በእጥፎቹ እየተሰማ ያጉመጐማል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው ተከታዩ መሥመር ነው፦ «የመሬት ዙር ካለ ይቋረጥ»። የሰፈር ጠጋኝ ይህን አንብቦ የማጉያውን የመሬት ሽቦ ሊቈርጥ ፒንሳ አንሥቶ እንደነበር ወዳጃችን ነግረውናል። የመሬት መስመር የተዘረጋው፣ በመሣሪያው ውስጥ ሽቦ ተላጦ የብረት ሣጥኑን ቢነካ፣ ኃይሉ ወደ መሬት ሄዶ ፊውዙን እንዲያቃጥል ወይም መቈጣጠሪያውን እንዲያጠፋ ነው። ሽቦው ከተቈረጠ ሣጥኑን የነካ ሰው ራሱ የመሬት መስመር ይሆናል። ሊቋረጥ የሚገባው ቀለበቱ እንጂ መስመሩ አይደለም። ለዚህም ሁለቱን መሣሪያዎች ከአንድ ሶኬት ማብራት፣ ወይም ኮምፒዩተሩንና መለወጫውን ምልክቱን በብርሃን በሚያስተላልፍ ገመድ ማገናኘት ይቻላል፤ ብርሃን የኤሌክትሪክ ጅረት አያሳልፍምና። «የመሬት ዙር ይቋረጥ» በሚለው ፈንታ «በመሬት መስመሮች መካከል የተፈጠረው ቀለበት ይወገድ፤ የመሬት ሽቦ ግን ከቶ አይቈረጥ» ቢባል ኖሮ ዐረፍተ ነገሩ ቢረዝምም ማንንም ባላሳሳተ ነበር። ማጠር ሁልጊዜ የሚያስመሰግን አይደለም።

«መንቀጥቀጥ»ም የዚሁ ዘመድ ነው። መመሪያው «መሣሪያው መንቀጥቀጥን ይቀንሳል» ስላለ ወዳጃችን ከሥሩ ጎማ አነጠፉለት። ቃሉ የተነገረው ቁጥሮቹ አንድ በአንድ በሚወጡበት ቅጽበት ላይ ስለሚታይ፣ በቢሊዮንኛ ሰከንድና ከዚያም ባነሰ ጊዜ ስለሚለካ መዛነፍ ነው። «የጊዜ መዋዠቅ» ቢባል ማንም ጎማ ፍለጋ አይወጣም።

7. የማጠቃለያ ሐሳብ

ከላይ የተዘረዘረውን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ለውይይት እናቀርባለን።

ሀ. «ዲጂታል» እና «አናሎግ» በጥንድነታቸው በውሰት ይቀመጡ፤ መሣሪያው «ከዲጂታል ወደ አናሎግ መለወጫ»፣ ከተዋወቀ በኋላ በአጭሩ «መለወጫ» ይባል። «መለዋወጫ» አይባል።

ለ. «ማጉያ»፣ «እስፒከር» እና «ማይክሮፎን» ይለዩ፤ «ድምፅ ማጉያ» በቴክኒክ ጽሑፍ ውስጥ አይግባ።

ሐ. «ጥራት» ለመንጻት፣ «ልየታ» ለደረጃ ብዛት፣ «ታማኝነት» ለቅጂው ተገዥነት ይመደቡ፤ የአሠራር መልካምነት ሲፈለግ «አሠራሩ መልካም ነው» ይባል።

መ. «የመሬት መስመር» እና «የጊዜ መዋዠቅ» ሙሉ ሐረግ እንደሆኑ ይጻፉ፤ «መሬት» እና «መንቀጥቀጥ» ለብቻቸው አይቁሙ።

«ሙያው የውጭ ነው፤ ቃሉም በውጭ ቋንቋ ይቅር» የሚሉ ወገኖች እንደሚኖሩ እናውቃለን። ነገር ግን ወዳጃችንን ያሳሳቱዋቸው «መሬት»፣ «ጥራት» እና «ማጉያ» የውጭ ቃላት አይደሉም። በሚገባ የሚያውቋቸው የአማርኛ ቃላት ናቸው፤ ያሳሳቷቸውም ስለሚያውቋቸው ነው። የማያውቁት ቃል ቢሆን ኖሮ ሰው ይጠይቁ ነበር። ስለሆነም የቃላት ሥራችን አዲስ ቃል በመፍጠር ብቻ የሚያበቃ አይደለም፤ ነባሩ ቃል በአዲሱ ቦታ ሲገባ ምን ይዞ እንደሚገባ መመርመርም ይኖርበታል። ለዚህም ከሁሉ የሚሻለው ፈተና ቀላል ነው፦ ትርጉሙን መሣሪያውን ለማያውቅ አንድ ሰው ማንበብና እጁ ወዴት እንደሚሄድ ማየት።

ወዳጃችን በመጨረሻ ሁለቱን መሣሪያዎች ከአንድ ሶኬት አብርተው ጉምጉምታውን አስወገዱ። እስፒከሮቹንም ከግድግዳው ጥግ አውጥተው ወደ ተቀመጡበት ወንበር አዞሩ። ዘፈኑ አሁን አምሮ እንደሚሰማ ይናገራሉ። ከዚህ ውስጥ የትኛው የመለወጫው፣ የትኛው የወንበሩ ሥራ እንደሆነ ሲጠየቁ ግን ፈገግ ብለው «እሱን መመሪያው ይንገራችሁ» ይላሉ። አንባቢያን በየቤታቸው ባሉ የአማርኛ መመሪያዎች ውስጥ ያገኙትን እንዲህ ያለ ቃል፣ ካስከተለው ውጤት ጋር ጽፈው ቢልኩልን ለቀጣዩ ውይይት በእጅጉ ይረዳናል።